አፉ ካለች በኋላ

ፋዲላ የትራሱን ጥግ በጉልበቷ አጣብቃ ወፍራሙን መርፌ ስትስብ፣ ጠሃ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባ። ቀና ብላ አላየችውም፤ በሰላምታው ነው የለየችው።

“ወዓለይኩም ሰላም። ግባ ጠሃ፤ ብቻ ጥጡ ላይ እንዳትቀመጥ። መካ ሳትደርስ ነጭ በነጭ ትሆንብኛለህ።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ ተቀመጠና ባዶ እግሩን ማየት ጀመረ። ፋዲላ ድካም ነው ብላ አለፈችው። ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ከአዳማ ተነስቶ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያ ለሐጅ ይበራል። ሰሞኑን ቤቱ በሸኚ ተጨናንቋል። አሁን የምትሰፋው መጅሊስም የእሱ ነው፤ ሲመለስ እንኳን ደህና መጣህ ሊለው የሚመጣ እንግዳ እንዲቀመጥበት ያዘዛት፣ ዙሪያውን ወርቃማ ጥለት ያለው ቀይ መጅሊስ።

“ትራሱ ማታ ያልቃል፤ ሰው ልከህ ታስወስደዋለህ” አለችው።

“ለትራሱ አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ። አፉ እንዲሉኝ ነው።”

ፋዲላ ፈገግ አለች። ለሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል። አውቄም ሆነ ሳላውቅ የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው፤ የሰው ሐቅ በጫንቃ ተሸክሞ የአላህን ቤት መዞር አይሆንምና። የተጠየቀው ሰውም ምን በድለኸኝ ብሎ አይመረምርም፤ ነውር ነው። አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ፣ እዚያ ስትደርስ በዱዓህ አትርሳኝ ይባላል፤ ተጨባብጦ መለያየት ነው። ፋዲላ ሰሞኑን ለስንት ሐጃጅ እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቀውም።

“አፉ ብያለሁ፣ ጠሃ። አላህም አፉ ይበልህ። ደግሞስ አንተ ምን አድርገኸኝ ታውቃለህ፣ ከደግነት በቀር?”

ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ጠሃ የሽንኩርትና የቲማቲም ጅምላ ነጋዴ ነው፤ ዘመዷ አይደለም፣ ጎረቤቷም አይደለም። ነገር ግን ልጇ ኡበይደላ ከሞተ ወዲህ የረመዳን ጨረቃ በታየች ቁጥር ቴምርና ስኳር ሳይልክላት ቀርቶ አያውቅም። ጣሪያዋ ማፍሰስ ሲጀምር ሳትጠይቀው አናጢ የላከላት እሱ ነው። ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ ስትለምን ከሟች ልጇ ቀጥላ የምትጠራው የጠሃን ስም ነበር።

“ሦስት ጊዜ ይበሉኝ” አለ።

“ፍቺ ነው እንዴ ሦስቴ የምለው?” ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። የሐጃጅ ልብ ስስ ነው ብላ ራራችለት፤ መርፌውን ትራሱ ላይ ሰክታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አለችለት።

“አፉ ብያለሁ። አፉ ብያለሁ። አፉ ብያለሁ። በል አሁን ተነስ፤ ቤትህ ሰው ይጠብቅሃል።”

አልተነሳም።

“ኡበይደላን የገጨሁት እኔ ነኝ” አለ።

መጀመሪያ የሰማችውን ነገር ጆሮዋ አልተቀበለውም። እሱ ግን አንዴ ከጀመረ በኋላ ማቆም አልቻለም። ያኔ አንዲት አሮጌ አይሱዙ ብቻ ነበረችው፤ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ከወንጂ ቲማቲም ጭኖ ሲመጣ፣ ጀንበር ጠልቃ ለዓይን መያዝ ሲጀምር፣ የመኪናዋ አንዱ መብራት አይሠራም ነበር። ኡበይደላ ባጃጁን ከአስፋልቱ አውጥቶ አቁሟት፣ በመንገዱ በኩል ቁጢጥ ብሎ የኋላ ጎማዋን ይፈታል። ጠሃ ሲያየው ደርሶበት ነበር። ባጃጇን አልነካትም፤ ልጁን ብቻ ነው ያገኘው። ቆመ፣ ወረደ። ሌላ መኪና እንዳይደግመው ብሎ አቅፎ አነሳውና ራቅ አድርጎ ሣሩ ላይ አስተኛው። ከተማ ገብቼ ሰው እልካለሁ አለ በልቡ። ከተማ ገባ። ቲማቲሙን አራገፈ። ካራገፈ በኋላ ፈራ፤ ፈርቶም ቀረ። በማግስቱ መርዶውን ሲሰማ ቀብር ወጣ። ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ፋዲላ መርፌውን ከትራሱ ነቀለችው፤ መልሳ ሰካችው። ደግማ ነቀለችው።

“ስታነሳው ነፍሱ ነበረች?”

“ነበረች። ይተነፍስ ነበር።”

“የተናገረው ነገር አለ?”

ጠሃ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። “‘በእናትህ’ አለኝ። ሌላ አልተናገረም።”

ውጭ ሽንኩርት በጋሪ የሚያዞር ሰው እየጮኸ አለፈ። ከዚያ ጠሃ ዓይኑን ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው ጠየቃት።

“አፉ ብለውኛል፣ አይደል እትዬ?”

“ሂድ” አለችው።

በር ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ ነገሩ በአላህና በእኛ መካከል ይቅር ብሎ ለመናት። ዞር ብላ አላየችውም። ከሄደም በኋላ የምታደርገውን ስላላወቀች የጀመረችውን መስፋት ቀጠለች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይሄድላት ነበር።

*

ያኔ፣ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ነገሩ ለሰው የታየው እንዲህ አልነበረም። ባጃጇ ጭረት እንኳ ሳይነካት ከመንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ልጁ ግን ከእሷ ርቆ፣ ሣር ላይ ተጋድሞ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ። መኪና ቢሆን ኖሮ አስፋልቱ ላይ በቀረ ነበር አለ ያየው ሁሉ። ይህ ሰው የመታው፣ ከዚያም ጎትቶ የጣለው ነው ተባለ። ማን ይመታዋል? በዋዜማው ባጃጅ ተራው ላይ ከጓደኛው ከዘገዬ ጋር በወረፋ ተጣልተው ነበር፤ ዘገዬም ሰው ሁሉ እየሰማ “አንተን ሳልገድል ብቀር!” ብሎት ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሌላ ቀን ቢሆን በነጋታው ስቀውበት የሚያልፍ ንግግር፣ ያን ጊዜ ተመዝኖ ዘገዬ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

ዘገዬ ከፋዲላ ፊት ለፊት ካለው ግቢ የአበባ ልጅ ነው። ሁለቱ ልጆች አብረው አድገው አብረው ባጃጅ ጀመሩ። የአበባ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ነው፤ ዶሮውን ማን አረደው ብለው አይጨነቁም። ስለዚህ በገናም በፋሲካም ዶሯቸውን የሚያርድላቸው ኡበይደላ ነበር፣ የፋዲላ ቤትም አብሮ እንዲበላ። ዘገዬ ክንፏን ይይዛል፣ ኡበይደላ ቢስሚላህ ይላል፤ ደሙ ሸሚዝህ ላይ ተረጨ፣ አልተረጨም ብለው ይካሰሳሉ። ከሁለቱ ቤት ማን በየትኛው እንደበላ ሳይታወቅ የበዓሉ ቀን ይመሻል።

ዘገዬ ታሰረ፤ ማስረጃ ጠፋና ተፈታ። ሰው ግን አልፈታውም። ተራው ላይ ባጃጁን የሚሳፈርለት አጣ። ሻሸመኔ ሄዶ መኪና ሲያጥብ ኖረ፤ ለበዓል እንኳ አይመጣም ነበር። ዓምና በሳንባ በሽታ ሞቶ አስከሬኑ መጣ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ የመጣው ሰው ግን ድንኳኑን አልሞላም። ፋዲላ ያን ዕለት በሯን ዘግታ የስፌት መኪናዋን ስታስጮህ ዋለች። በእነሱ ሠፈር ለቅሶ ባለበት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም።

*

ልጇ ሱሃይላ ከምትሠራበት ፋርማሲ ለምሳ ስትመጣ እናቷ ምድጃውን አልለኮሰችም ነበር። ነገሩን በአጭሩ ነገረቻት። ሱሃይላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሰማች፤ ከዚያም ፊቷ ቀልቶ፣ አሁኑኑ ተነሽ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ፣ ኤርፖርት ሳይደርስ አለች።

“አፉ ብዬዋለሁ።”

“እማ፣ አታሎሽ ነው። መጀመሪያ ቃልሽን ወስዶ ከዚያ ነገረሽ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይሰርቅም።”

“ሦስቴ ጠየቀኝ፣ ሦስቴ ሰጠሁት። ምን እንደሆነ ያላወቅሁት እኔ ነኝ እንጂ፣ አላህ ያውቅ ነበር።”

“እንግዲያው ዝም ልትዪ ነው? ወንድሜን ሣር ላይ ጥሎ ቲማቲም ያራገፈ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ሐጂ ተብሎ ሲመጣ፣ አንቺ በሰፋሽው መጅሊስ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ሲስሙት ልናይ ነው?”

ሱሃይላ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለች፤ የቴምሩን ነገር አነሳች፣ የስኳሩን ነገር አነሳች፣ ያን ሁሉ እንዴት ዋጥን አለች። ከዚያ በድንገት በመስኮቱ ፊት ለፊት ቆመች። ማዶ የአበባ ግቢ ቆርቆሮ በር ይታያል። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ዘገዬ” አለች።

ሱሃይላ ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት በባጃጁ የሚያደርሳት ዘገዬ ነበር፤ ወንድሟ ረፋድ ላይ ነው የሚነሳው። ከቀብሩ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም ሊላት እጁን አነሳ፤ እሷም በዚያ ዕድሜዋ ከመንገዱ ማዶ ተሻገረች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም ነበር። ከቤት ያየችውን ነው ያደረገችው።

ሱሃይላ ሳትበላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፋዲላ ውዱእ አድርጋ ዙህርን ሰገደች። እጇን ዘርግታ ለኡበይደላ ለመነች፤ ቀጥሎ በልማድ የሚመጣው ስም ምላሷ ላይ ደርሶ ቆመ። አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም። እንዲሁ እጇን ዘርግታ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ተነስታ ሻሿን አጥብቃ፣ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና መንገዱን ተሻገረች።

*

አበባ ግቢዋ ውስጥ ሳፋ ፊት ተቀምጣ ልብስ ታጥብ ነበር። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ግቡ አለች፤ የገባችውን ስታይ ግን አረፋ የያዘ እጇን ይዛ እንደተቀመጠች ቀረች።

“የኡበይደላ እናት?” አለች።

ስንት ዓመት በዚህ ስም አልጠራቻትም። ፋዲላ ቁጭ በይ ሳትባል በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

“አበባ፣ ዘገዬ አልገደለም። ዛሬ ሰውየው ራሱ መጥቶ ነገረኝ። መኪና ነው የገጨው። ዘገዬ የለበትም።”

ከዚያ የቀረውን ሁሉ፣ ስሙንም ሳትደብቅ፣ እንደሰማችው ነገረቻት። አበባ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ወይም ትረግመኛለች፣ ወይም ውጪልኝ ትለኛለች። አንዱንም አላደረገችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች።

“ለቅሶው ዕለት የስፌት መኪናሽ ይሰማኝ ነበር” አለች፣ ያለ ቁጣ።

“አውቃለሁ።”

“አልተቀየምኩሽም። ለምን እንደምታደርጊው ይገባኝ ነበር።” ከሳፋው አንድ ሸሚዝ አነሳችና መልሳ ነከረችው። “አንቺስ እናቱ አልነበርሽም። የእኔን ልንገርሽ? ከእስር የተፈታ ዕለት እዚህ፣ አሁን አንቺ ያለሽበት ላይ ተንበርክኮ፣ ‘እማዬ፣ አላደረግኩትም’ አለኝ። ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ‘ልጄ፣ ጌታ ይቅር ባይ ነው፤ ብቻ ንስሐ ግባ’ አልኩት። ይቅር ያልኩት መስሎኝ እኮ ነው። ሰው ሁሉ ሲጠላው እኔ እናቱ ይቅር አልኩት ብዬ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት።”

ፋዲላ የተቀመጠችበትን ባልዲ ወደ ሳፋው አስጠጋች።

“ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አላየኝም። በሳምንቱ ሻሸመኔ ሄደ። ስደውልለት ደህና ነኝ ይላል። አንድ ቀን እንኳ አምኜሃለሁ አላልኩትም፣ ፋዲላ። ሲሞትም አላልኩትም።”

ሳፋው ውስጥ ያለው አረፋ እየተሰነጣጠቀ ወረደ። ፋዲላ አንድ የሚያጽናና ቃል ፈለገች። ብዙ ቃል ታውቃለች፤ ለብዙ ሐዘንተኛ ብላዋለች። እዚህ ግን የሚገባ አላገኘችም። እጅጌዋን ሰብስባ ሳፋው ውስጥ እጇን ከተተችና ሸሚዙን ይዛ ታሽ ጀመር። አበባ ትንሽ ካየቻት በኋላ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ጨምቀው አሰጡት። የአዳማ ፀሐይ ናት፣ ልብሱ እዚያው ገመዱ ላይ መድረቅ ጀመረ።

“አሁን ምን ልታደርጊ ነው?” አለች አበባ።

“አፉ ብዬዋለሁ።”

“ካልሽው አልሽው።”

“የኡበይደላን ነው ያልኩት፤ እሱ የእኔ ነው። የዘገዬን ግን ማለት አልችልም፤ የእኔ አይደለም። ነገ ጠዋት ጣቢያ እሄዳለሁ።”

አበባ ወደ ቆርቆሮው በር አየች። እኔ ክሰሺው አልልሽም፣ ተዪውም አልልሽም አለች። የሞተ ልጅ ከጣቢያ አይመጣም። ነገር ግን እድሩ ውስጥ፣ ተራው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የልጇ ስም ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ያ ዝቅታ ልጇ ከተቀበረም በኋላ አልተቀበረም። ይህን ያለችው ለፋዲላ ሳይሆን ገመዱ ላይ ላለው ልብስ ይመስል ነበር።

ማታ የጠሃ ሰዎች መጅሊሱን ሊወስዱ መጡ። ሱሃይላ ልትሰጪው ነው ወይ በሚል ዓይን አየቻት። ፋዲላ ትራሱን አንድ በአንድ አራግፋ ሰጠቻቸው። የጨረሰችው ሥራ ነው፤ ሥራው ምን አደረገ።

*

በማግስቱ ፋዲላ ከበሯ ስትወጣ አበባን ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱ ዳር ቆማ አገኘቻት። ልምጣ አላለችም፤ ነይም አላለቻትም። አንድ ባጃጅ ይዘው ሄዱ። ሾፌሩ ልጅ ነው፤ በመስታወቱ አይቷቸው፣ እማማዎቹ የሠርግ ሽማግሌ ተልካችሁ ነው ወይስ የፍቺ፣ ብሎ ቀለደ። አበባ ትንሽ ፈገግ አለችለት። እነ ዘገዬም ባጃጅ ሲነዱ በዚህ ዕድሜ ነበሩ።

ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ፋዲላ ቆይ አለችና ስልኳን አወጣች። ሰው ሳያውቅ ከጀርባው ሄዳ የምታሳስር ሴት መሆን አልፈለገችም። ጠሃ ወዲያው አነሳው። ከበስተጀርባው የሸኚ ጫጫታና የመንዙማ ድምፅ ይሰማል፤ ፀጥ ወዳለ ቦታ እስኪሄድ ጠበቀችው።

“ጠሃ፣ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነኝ።”

“እትዬ፣ አፉ ብለውኝ ነበር።”

“ብያለሁ፣ አላጥፈውም። ስለ ኡበይደላ አላህ ፊት አልይዝህም። ነገር ግን የያዝከው ሐቅ የእኔ ብቻ አይደለም። አንተ ልጄን ሣሩ ላይ ስላስተኛኸው ነው ሰው የገደለው የመሰለው። በዚያ የታሰረ፣ በዚያ የተሰደደ ልጅ ነበር።”

ጠሃ ዘገዬን እንደሚያውቅ፣ ስለ እሱ ሌሊት ሌሊት እንደሚያስብ ነገራት። ከሐጅ ልመለስና ራሴ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ትንሽ ቀን ብቻ ይታገሱኝ ብሎ ለመናት። ድምፁ እውነተኛ ነበር፤ ፋዲላ አመነችው። ያ ነው የከበዳት።

“ቀን መስጠት የምችለው እኔ አይደለሁም። እናቱ አጠገቤ ነች። እሷን ጠይቃት።”

ስልኩን ለአበባ ሰጠቻት። አበባ እንደሚያቃጥል ነገር በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ሃሎ አላለችም። መንገዱ ላይ መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ከዚያ ስልኩን መለሰችላት።

“ምን አለሽ?”

“ምንም። ይተነፍስ ነበር። ዘጋው።”

ገቡ።

ተረኛው መርማሪ ሳጅን ኤባ የሚባል፣ ጢሙን ያልተላጨ ጎልማሳ ነው። ሁለቱን አሮጊቶች ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ብሎ “አካም ቡልተን፣ እማማ” ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አላቸውና ወንበር ሳበላቸው። የጎረቤት ጠብ ነው ብሎ ሳይገምት አልቀረም። ፋዲላ ስትጀምር ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማት። የጠሃን ስም ስትጠራ ቅንድቡን አነሳ፤ ያውቀዋል፣ በከተማው የማያውቀው የለም።

ስትጨርስ ሳጅን ኤባ ነገሩን ሳይደብቅ ነገራት። ጉዳዩ የቆየ ነው፤ መዝገቡ ከተገኘ ራሱ ዕድል ነው። ጥያቄውን ዓቃቤ ሕግ ያየዋል፤ ይርጋ የሚባል ነገር አለ፣ ጊዜው አልፏል ሊባል ይችላል። ሰውየውም ያልኩት ነገር የለም ሊል ይችላል፣ የሰማች እሷ ብቻ ናት። ምናልባት ዛሬ ከጉዞው ይቀር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ላይሆን ይችላል።

“ይሁን” አለች ፋዲላ።

“ይቅር ብዬዋለሁ ይሉኛል፣ እንግዲያው እንዲታሰርልዎ አይደለም። እማማ፣ አይቆጡኝና፣ ምን እንድናደርግልዎ ነው የመጡት?”

ፋዲላ ወደ አበባ አየች። አበባ ጉልበቷን እያየች ነበር።

“እኔ ከሳሽ አይደለሁም፤ የሰማሁትን ልናገር ነው የመጣሁት። አንተ ጻፈው። ተጽፎ ይቀመጥ።”

ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀት ስቦ ቀኑን ጻፈ፤ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የምትኖርበትን ቀበሌ ጠየቃት። መለሰችለት። ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆነ።

“የተበዳይ ስም?”

“ዘገዬ ዲበኩሉ።”

አበባ ቀና አለች። ሳጅኑ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

“እማማ፣ የሞተው ልጅዎ ኡበይደላ ነው አላሉኝም? ይሄኛው እኮ ተጠርጣሪው ነበር። በእኛ አሠራር ተበዳይ የሚባለው…”

“አሠራራችሁን አላውቀውም፣ ልጄ። እሱን መጀመሪያ ጻፈው።”

“ልጅዎስ?”

“ኡበይደላን ከሥሩ ታደርገዋለህ” አለች ፋዲላ። “ቅር አይለውም፤ ጓደኛው ነው።”